ባል ከፊት፣ ሚስት ከኋላ

ያን ዕለት ጠዋት ገብስ እየሸከሸክሁ ነበር። ሙቀጫው ከደጃፍ ነው፤ ዘነዘናውን ባነሣሁ ቁጥር አያትሽ ከውስጥ፣ ከመደቡ ላይ ሆነው ሲስሉ እሰማለሁ። ሳሉ የሕመም አይደለም። አንድ ነገር ሊናገሩ ሲሉ የሚስሉት ሳል ነው፤ ያን ያህል ዘመን አብሬያቸው ኖሬ እሱን ሳልለይ ልቅር? ዘነዘናውን አቁሜ ጠበቅሁ።

«አንቺ» አሉኝ።

«አቤት።»

«ያ የዳባቱ ነገር... እንሂድ እንግዲህ።»

ገብሱን ከነገለባው ትቼ ተነሣሁ። ደስታዬን ዋጥሁት። አያትሽ ደስ እንዳለኝ ካወቁ ሐሳባቸውን የሚለውጡ ሰው ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማረውና። «እንዳሉ» አልሁ ብቻ፣ ነጠላዬን ፍለጋ ገባሁ።

አሁን አንቺ ደብተርሽን ይዘሽ የጠየቅሽኝን ልመልስልሽ፣ ወደ ዳባቱ እመለሳለሁ። «እምዬ፣ ከአጎቴ ጋር ሲሄዱ ለምን ከኋላ ይቀራሉ? የወለዱት ልጅዎ አይደለም ወይ?» አልሽኝ። የወለድሁት ነው። ግን ወንድ ነው። እግሬ የለመደው የሰው ጀርባ ነው፤ ከፊት ልሁን ብል መንገዱ የሚጠፋኝ ይመስለኛል።

እኔም እንዳንቺ ጠይቄ ነበር። አዲስ ሙሽራ ሆኜ፣ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ከአያትሽ ጎን ጎን ብል አማቴ ነጠላዬን ከኋላ ጨምድደው ያዙኝ። «ወዴት ነው? ሠርገኛ መሰልሽ? ሠርጉ እኮ አለቀ!» ሴቶቹ ሳቁብኝ። እንባዬ መጣ። ቤት ስንመለስ የአማቴ ባል፣ የአያትሽ አባት ማለት ነው፣ ማልቀሴን አይተው አስቀመጡኝና ነገሩን ነገሩኝ። ደግ ሰው ነበሩ።

«ስሚ ልጄ፣ ድሮ ይህ አገር ጫካ ነው። ከወይራው ሥር ነብር ይተኛል፤ ከገደሉ ጥግ ሽፍታ ይቀመጣል። ነብሩም የሚዘለው፣ ሽፍታውም የሚተኩሰው ከፊት ባለው ላይ ነው። ስለዚህ ወንዱ ዱላውን ይዞ ይቀድማል። ሴቲቱ ልጇን አዝላ ራቅ ብላ ትከተላለች። እሱ ሲወድቅ ዞራ ትሮጣለች፣ ልጁ ይተርፋል። የወንድ መቅደም ለክብር አልነበረም፤ ቀድሞ ለመበላት ነው።»

«ታዲያ አባባ፣ አሁን ነብሩ የት አለ?» አልኋቸው።

«ነብሩማ ሄዷል» አሉ፣ ሳቁ። «አንቺ ግን ከኋላ ሁኚ።»

ያ አጎትሽ ለፈረንጅ በቅሎ መንዳት የጀመረ ጊዜ ተራራው ከሚጀምርበት ከቡይት ራስ ሲመለስ ለአባቱ የማያወራው ጉድ አልነበረም። አንድ ቀን «አባባ፣ ፈረንጅ እኮ በር ላይ ሲደርስ ቆሞ ‹ሴቶች ይቅደሙ› ይላል» አለ። አያትሽ ጺማቸውን እየያዙ አሰቡ፣ አሰቡና «በሩ ውስጥ ምን እንዳለ ሳያዩ?» አሉ። «አዎ።» «እንግዲህ ነብሩ እሷን ይብላ ማለታቸው ነዋ!» እኔ ከጓዳ ሆኜ በሳቅ ሞትሁ። ሰው ፊት አልስቅም ነበር፤ እሳቸው ግን እንደሳቅሁ አውቀው ደስ አላቸው። እንዲህ እንዲህ ያለ ጨዋታ ነበረን። ባልና ሚስት ሳይነካኩ፣ ሰው ፊት ሳይነጋገሩ፣ ፍቅር የላቸውም እንዳይመስልሽ።

ዓይናቸው መያዝ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ ጭጋግ ነው አሉ። እኛ አገር ጭጋግ መቼ ይጠፋል? እኔም ጭጋግ ነው ብዬ ተውሁት። ኋላ ግን ፀሐይ ወጥቶ ጋራው ሁሉ እየታየ «ዛሬም ጭጋጉ አልገለጠም» ሲሉኝ ቀርቤ ዓይናቸውን አየሁት። ብሌኑ ላይ ነጭ ሞራ ተኝቶበታል፣ አጓት የፈሰሰበት ይመስላል።

ማን እንዲያውቅ? እሳቸው የአገር ሽማግሌ ናቸው። በወሰን የተጣላ፣ ባልና ሚስት የተኳረፈ፣ ደም የተፈላለገ ሲታረቅ ከመካከል የሚቀመጡት እሳቸው ናቸው። «እኔ አፍ አልሰማም፣ ፊት ነው የማየው፤ ሰው ሲዋሽ ከጆሮው ሥር ይቀላል» ይሉ ነበር። አሁን ያን ቅላት የሚያዩበት ዓይን ሄደ። «ዕውር መሆኔን የሰሙ ዕለት ማንም አይጠራኝም። ከምድጃ ዳር ተቀምጬ ጥሬ የምቆረጥም ሽማግሌ ነው የምሆነው። አደራሽን» አሉኝ። አደራቸውን ተቀበልሁ። ለልጆቻችንም እንኳ አልተናገርሁም።

እንግዲህ እንዴት እንሂድ? ዕውር የሚመራው ከፊት ነው። እኔ ደግሞ ከፊት ከሄድሁ፣ ያን ጊዜውኑ አገር ያውቃል። እጃቸውን ብይዝ የባሰ ነው፤ ባሏን በአደባባይ እጁን የያዘች ሴት በኛ ዘመን አልታየችም። ስለዚህ እንደ ወትሮው ከኋላ ሆንሁ፣ ከኋላ ሆኜ በአፌ መራኋቸው።

ዘዴያችን ይኸ ነው። «ቀኝ ትከሻዬን አመመኝ» ካልሁ በቀኝ በኩል ድንጋይ ወይም ገደል አለ። «ግራ ጎኔን ወጋኝ» ካልሁ በግራ ነው። «ጉልበቴን» ካልሁ ዳገት ወይም ቁልቁለት ደርሷል። «ወገቤን!» ካልሁ ደግሞ ይቁሙ ማለት ነው፣ አንድ እርምጃ እንዳይጨምሩ። እሳቸውም እንደ ጎበዝ ቀጥ ብለው፣ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው ከፊቴ ይሄዳሉ። እርምጃቸውን ይቆጥሩ ነበር፤ ከቤት እስከ ምንጩ፣ ከምንጩ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር፣ ሁሉንም በቁጥር ይዘውታል። ለሚያያቸው ሰው ምንም አልጎደለባቸው።

እኔ ግን በሽተኛ ሆንሁ! «እንዴት ያለች ለፍላፊ ሆነች» አሉኝ። ድምፄ ከጓዳ ወጥቶ የማያውቅ ሴት፣ በመንገዱ ሁሉ ትከሻዬን፣ ጎኔን፣ ጉልበቴን እያልሁ ስነጫነጭ ይሰማሉ። ወንዶቹ አያትሽን «ኧረ ይችን ሴት ጠበል ያስገቧት፣ ጆሮዎትን እኮ ጨረሰችው» ይሏቸዋል። «ተዋት፣ አርጅታለች» ይላሉ አያትሽ፣ እየሳቁ። የሰፈሩ ሴቶች ዳማ ከሴ ቀጥፈው ያመጡልኛል፣ ቅቤ ይቀቡኛል። እኔም ዝም ብዬ እቀባለሁ። ሁለት ክረምት እንዲህ አለፈ። ልንገርሽ፣ በዕድሜዬ ከእሳቸው ጋር ያን ያህል ያወራሁበት ጊዜ የለም። ደስ ይለኝ ነበር።

በዚህ መካከል ነው ሐኪሞች ከጎንደር መጥተው ዳባት ጤና ጣቢያ ለአንድ ሳምንት የዓይን ሞራ ሊገፍፉ ነው የሚባል ወሬ የሰማሁት። ምንጭ ዳር ሰማሁ፣ እንስራዬን ሳልሞላ ተመለስሁ። ነገርኋቸው። «አይሆንም። ወረፋ ላይ ሰው ያየኛል» አሉ። ለመንሁ። ሦስተኛው ቀን ላይ ነው፣ ገብስ ስሸከሽክ፣ ያን ሳል የሳሉት።

«ግን ለሰው ገበያ ነው እንላለን። አንቺም ከኋላዬ ነሽ፣ እንደ ወትሮው።»

«እንደ ወትሮው።»

ነጩን ጋቢያቸውን አለበስኋቸው። ወጣን። ኅዳር ነው፣ ገብሱ ታጭዶ ሜዳው ጸድቷል። ከቤታችን እስከ መኪናው መንገድ ቁልቁለት ነው። ጉልበቴን እያልሁ ወረድን። በመንገድ «ዓይኔ ሲበራ መጀመሪያ ምን አያለሁ መሰለሽ?» አሉኝ። «እኔን ነዋ» አልሁ፣ ድፍረቴን እይው። «አንቺንማ አውቅሻለሁ። የበሬዬን ቀንድ ነው የማየው፤ ያ እረኛ ሰብሮብኝ እንደሆነ» አሉ። ሳቅን፣ ሁለታችንም። ሰው አልነበረም፣ ድምፄን አውጥቼ ነው የሳቅሁ።

አንድ ክፉ ቦታ ነበር። ያን ጊዜ አስፋልቱ እየተሠራ ነው። መንገድ ሠሪዎቹ ለቱቦ ብለው የቀድሞውን የእግር መንገዳችንን አቋርጠው ሰው ከነቁመቱ የሚውጥ ጉድጓድ ቆፍረዋል። ሰው በግራ ዞሮ በሳንቃ ላይ ይሻገራል። ለአያትሽ ነግሬያቸው ነበር፤ ከወይራዋ ዛፍ አርባ እርምጃ ሄደው ወደ ግራ ነው። ወይራዋን በዱላቸው ነክተው መቁጠር ጀመሩ። ስንት እንደደረሱ አላውቅም፣ ሦስት ሰዎች ከታች መጡ።

አንዱ የንስሐ አባታችን ናቸው። ሁለተኛው የጎረቤቴ ባል ነው፣ ከኛ ቤት ሥር ያለው። ሦስተኛው የደባርቅ ሰው ነው፣ አላውቀውም።

አሁን ይኸን በደንብ ጻፊው። ሴት መንገድ ላይ ሽማግሌዎችን፣ ያውም ቄስ ካገኘች፣ ከመንገዱ ትወጣለች፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ታደርጋለች፣ መሬት መሬት ታያለች። ካላነጋገሯት አትናገርም። አልፈው ድምፃቸው እስኪርቅም ቀና አትልም። ይኸም ከየት እንደመጣ አማቴ ነግረውኛል፣ ጥጥ እየፈለቀቅን። በአያቶቻቸው ዘመን ጦር ሲያልፍ በየመንደሩ ያርፋል፤ ወታደሩ ስንቅ ብቻ አይደለም የሚወስደው፣ እህል ፈጭታ የምታበላውን ሴትም ነው። መልኳን ያየ፣ ድምፅዋን የሰማ፣ ወጣት መሆኗን ያውቃል። ስለዚህ ሴቶቹ ወንድ በመጣ ቁጥር ከመንገድ እየወጡ ተሸፈኑ፣ አፋቸውን ያዙ። መደበቅ ነበር። «እኛ ስንደርስ ጨዋነት ሆኖ አገኘነው» አሉኝ አማቴ። እኔ ወታደር ሲወስድ አላየሁም። አፌን ግን ያዝሁ፣ ከልጅነቴ ጀምሬ ያዝሁ።

ያን ዕለትም ወጣሁ፣ አፌን ሸፈንሁ፣ መሬት መሬት አየሁ።

ሰላምታው ረጅም ነው። እንዴት አደሩ፣ እንዴት ሰነበቱ፣ ከብቱ፣ አዝመራው። ቄሱ መስቀሉን ሲዘረጉ አያትሽ ደንበኛ አድርገው ተሳለሙት፣ እኔ እፎይ አልሁ።

«ወዴት ነው?» አሉ ቄሱ።

«ዳባት፣ ገበያ።»

«ዛሬ ምን ገበያ አለ?» አለ የደባርቁ ሰው።

«አድሬ የነገውን ነው» አሉ አያትሽ። ድምፃቸው ሲያፍር አወቅሁት።

«ደግ፣ በሰላም ያግባዎት።»

ተለያዩ። አያትሽ መንገዳቸውን ቀጠሉ፤ ወንድ ሚስቱን ቆሞ አይጠብቅማ። እኔ ልከተል ስል ቄሱ አጠገቤ ደርሰው ቆሙ። «እንዴት ነሽ ልጄ፣ ሕመሙ ተሻለሽ?» አሉና መስቀሉን ግንባሬ ላይ አደረጉ። ጎንበስ ብዬ በሹክሹክታ «እግዚአብሔር ይመስገን አባቴ» አልሁ። ቀና ስል አያትሽ ቀጥ ብለው ይሄዳሉ። በወሬው ቁጥራቸው ጠፍቷቸዋል። ወደ ግራ መዞሪያውን አልፈውታል።

ወገቤን ማለት ነበረብኝ። አንዲት ቃል ናት። አፌ ውስጥ ነበረች፣ ምላሴ ላይ ነበረች። ቄሱ እዚያው ናቸው፣ ሁለቱ ሰዎች ገና አላለፉም፣ ዞረው ያዩኛል፣ አያትሽ ያፍራሉ፣ የሁለት ዓመት ድካማችን ይጋለጣል። አንድ እርምጃ ይለፉልኝ አልሁ። የእነዚህ ሰዎች እግር አንድ እርምጃ ብቻ ይራቅልኝ። እንዲህ ያሰብሁት አንድ ትንፋሽ እንኳ አልሞላም። ነጭ ጋቢ ነበረ፣ ከዚያ ነጭ ጋቢ የለም።

ጩኸቱን ያኔ ጮኽሁት። ምን ያደርጋል።

ከጉድጓዱ ያወጧቸው እነዚያው ሰዎች ናቸው። ጭናቸው ከላይ ተሰብሯል። አላለቀሱም፣ ከንፈራቸውን ነክሰው «ዱላዬ የት አለ?» ብቻ ይላሉ። ቃሬዛ አበጅተው፣ ድንጋይ ጭኖ የሚሄድ መኪና ለምነው ዳባት አደረሱልን። ጤና ጣቢያው ደጅ ዓይናቸውን በጨርቅ የጋረዱ ሰዎች ተሰልፈዋል፣ ሞራቸውን ሊያስገፍፉ። በእነሱ መካከል ነው ቃሬዛው ያለፈው። አንዲት አሮጊት በልጇ ተይዛ ስትወጣ አየሁ፤ አንዱ ዓይኗ ታስሮ፣ በሌላው እያየች ትስቃለች። አያትሽ «ምንድን ነው የሚያስቃት?» አሉኝ። «እኔንጃ» አልሁ።

ሐኪሙ ጎንደር ይሂዱ አለ። አያትሽ እንቢ አሉ፣ ቤቴ መልሱኝ አሉ። ወጌሻ አሸው፣ ጠገነው፣ አልያዘም። የዓይኑ ሐኪሞች ሳምንታቸውን ጨርሰው ሄዱ። እሳቸው ከኅዳር እስከ ፋሲካ ከመደቡ አልተነሡም።

አንድ ቀን ብቻ ጠየቁኝ። ፊታቸውን ሳጥባቸው እጄን ያዙና «ለምን ዝም አልሽ?» አሉኝ።

«ቄሱ ነበሩ» አልሁ።

የሚቆጡ መስሎኝ ጠበቅሁ። ተቆጥተው በሆነ፣ በዱላቸው ባሉኝ፣ ረግመውኝ ቢሆን እመርጥ ነበር።

«ደግ አድርገሻል» አሉኝ። «ሰው ፊት እንዴት ትጮሂያለሽ።»

ይኸን ብለው እጄን ለቀቁኝ፣ ውኃው ቀዝቅዞ ነበር። እኔ ይህችን ቃል ነው እስከ ዛሬ ያልቻልኋት። በቆሎ ስፈለፍል ትመጣብኛለች፣ ቅዳሴ ላይ ትመጣብኛለች። ደግ አድርገሻል።

ሊሞቱ ሲቃረቡ ደግሞ አንድ ነገር አሉኝ። «ስሜን ጥሪልኝ እስቲ፤ በአንቺ አፍ ሰምቼው አላውቅም።» የባል ስም በሚስት አፍ አይጠራም፤ እሱም ድሮ ደመኛ ደጅ ቆሞ እንዳይሰማ የተባለ ነው ይላሉ፣ ማን ያውቃል። ልጠራ አፌን ከፈትሁ። አልወጣም። ከተዳርሁ ጀምሮ ‹አንቱ› ነው የማውቀው። «ኋላ እጠራዎታለሁ» አልኋቸው፣ እንደ ልጅ አባበልኋቸው። ከፋሲካ በኋላ ባለው እሑድ አረፉ። ስማቸውን የጠራሁት ልቅሶው ላይ ነው፤ አልቃሽ ሴት ስም ብትጠራ ነውር የለውም። ደጋግሜ ጠራሁ፣ ድምፄ እስኪዘጋ። ለማን?

አርባቸውን ባወጣን ማግስት ጎረቤቴ መጣች፣ የዚያ ሰውዬ ሚስት። ጋን ስናጥብ ዋልን። ዝም ብላ ታጥባለች፣ እሷ ደግሞ ዝም የማትል ሴት ናት። «ምን ሆነሻል?» አልኋት። ጋኑን አስቀመጠችና እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«እህቴ፣ ሆዴ ውስጥ ይዤ ከረምሁ፣ አሁን ግን አልቻልሁም» አለችኝ። «እኛ እኮ እናውቅ ነበር። ዓይናቸው እንደጠፋ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፣ ቄሱም ያውቃሉ፣ የተጣሉ ሰዎች ሳይቀሩ እያወቁ ነበር ለእርቅ የሚጠሯቸው። ሰውዬው እንዳያፍሩ ተባብለን ዝም አልን። ያን ዕለት ባሌ አልፏቸው ሲሄድ ዞሮ አይቷቸዋል። ወደ ጉድጓዱ ሲያመሩ አይቷል። ልጮህ ነበር ይላል፤ ብጮህ ማወቃችንን ያውቃሉ፣ በስተርጅና አንገታቸውን ይደፋሉ ብዬ ተውሁት ይላል። እህል አልወርድለት ብሏል እህቴ፣ ጠጁን እንኳ አይቀምስም። እሷ ከኋላቸው አለች፣ እሷ ትነግራቸዋለች ብዬ ነው ይላል።»